ወንጭፍ የተማርንበት ማሳ

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የምትገኝ ከተማ ናት። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል። ከተማዋ ደጋ ላይ ናት። ከደጋው ወደ ዓባይ ሲወርዱ ግን አገሩ እየሞቀ ይሄዳል። እዚያ ማሽላ ይዘራል።

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። ያደግነው ከተማ ነው። ዕድሜያችን ከ30 ዓመት አልፏል። ወንጭፍ ግን በእጃችን ይዘን አናውቅም ነበር።

በኅዳር ወር ወደ ቆላው ወረድን። ማሽላው ሊደርስ ተቃርቧል። ይህ የወፍ ጊዜ ነው። ወፍ ጧትና ማታ እየመጣ ማሽላው ላይ ይሰፍራል። ማሳው ጠባቂ ካጣ የዓመት ልፋት ለወፍ ቀረ ማለት ነው።

በማሳው መካከል ማማ አለ። ማማው ላይ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ቆሟል። ጧት ወፍ ይጠብቃል፤ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አንዱን ጓደኛችንን፣ «ጋሼ፣ አይሞክሩትም?» አለው። «ምን ይቸግራል!» ብለን ሁላችንም ተጠጋን።

ወንጭፍ ሁለት ገመድ አለው። በመካከሉ ሰፋ ያለ የድንጋይ ማስቀመጫ አለ። የአንዱ ገመድ ጫፍ ቀለበት አለው፤ ጣት ይገባበታል። የሌላው ጫፍ በጣት ይያዛል። ከራስ በላይ ያሽከረክሩትና ያንን ጫፍ ይለቁታል። ድንጋዩ ይወረወራል። ገመዱም እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ወፉ ጩኸቱን ሰምቶ ይነሣል።

ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሲሞክሩት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጓደኛችን ድንጋይ እግሩ ሥር ወደቀ። የሁለተኛው ወደ ሰማይ ወጣ። ልጁ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። የሦስተኛው ግን አላሳቀንም። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄደ። የልጁ እናት ቁርስ ይዘው ይመጡ ነበር። ድንጋዩ በጆሯቸው አጠገብ አልፎ ከዛፍ ጋር ተላተመ።

ክው ብለን ቀረን። «እትዬ፣ ይማሩን» ብለን ለመንናቸው።

«አይዟችሁ፣ እግዜር አውጥቶኛል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ድንጋይም እንዲሁ ነው። ሳታሽከረክሩ በፊት ዙሪያችሁን እዩ» አሉን።

ልንተወው ፈለግን። እርሳቸው ግን፣ «እርሱስ ባንድ ቀን ለመደው እንዴ? ድንጋዩን ተዉት፤ በጓል ጀምሩ። ደግሞ ከልጅ መማር አያሳፍርም። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ እርሱ ነው» አሉ።

እንደተነገረን አደረግን። ፊትና ኋላ አይተን ጓል ወረወርን። ቶሎ ከለቀቁት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ከዘገዩ ወደ ሌላ ጎን ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ጧት የአንዳችን ወንጭፍ ጮኸ። ወፉ ግር ብሎ ተነሣ። ልጁ ከማማው ላይ አጨበጨበ።

ወንጭፍ የጥንት መሣሪያ ነው። እረኛው ዳዊት ጎልያድን የጣለው በወንጭፍ ነው። በስፔን አገር ባሌሪክ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። የዚያ ሰዎች በጥንት ጦርነት በወንጭፋቸው የታወቁ ነበሩ። ዛሬም እዚያ የወንጭፍ ውድድር ይደረጋል። በኛም አገር ጉሙዞች በቀስት ይታወቃሉ። ቀስትም ሆነ ወንጭፍ የሚለመደው በመደጋገም ነው።

በዚያ ማሳ መምህሩ አንድ ልጅ ነበር። ተማሪዎቹ እናቱና እኛ አራታችን ነበርን። እናንተስ ከልጆቻችሁ ምን ተማራችሁ?