የፀሐይ ቅባቱ ለየትኛው ልጅ?

ካዛንቺስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። በጋ ሲገባ እናቶች ደጋግመው «የልጅ ሰንስክሪን አላችሁ?» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ልጅን ከፀሐይ ለመጠበቅ ማሰብ ጥሩ ነው። የሚያሳዝነኝ «ለምን አሰብሽው?» ስላቸው የሚመጣው መልስ ነው። «በፀሐይ ጠቆረችብኝ እኮ! ስትወለድ እንዲህ አልነበረችም» ይላሉ፤ ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ እየሰማች።

ይህን የምጽፈው ለዚያች ልጅ ብዬ ነው። ደግሞ ቅባቱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሌላ ልጅ አለ፤ ስለ እሱም አወራለሁ።

ሰንስክሪን ወደ ብዙዎቻችን ቤት የገባው በማድያት በኩል ነው። ሐኪም ለእናትየው ያዘዘው ቱቦ መስታወት ሥር ተቀምጦ፣ ውሎ አድሮ ፊት ከሚያቀሉ ክሬሞች ጋር በሰው ልብ ተደባለቀ። መደርደሪያም ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ እንዲያውም አንዳንዱ የፀሐይ ቅባት ላይ «ኋይትኒንግ» የሚል ተጽፎበታል። እንዲህ ያለውን ለልጅ ፈጽሞ አትግዙ። ፀሐይ ላይ የሚጠቁር ቆዳ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም እያመረተ ራሱን ይከላከላል። በጣም ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው ያለው መከላከያ የፀሐይ ቅባት አቅም በሚለካበት በኤስፒኤፍ ቢለካ ወደ 13 እንደሚጠጋ በጥናት ታይቷል። ልጃችሁ ይህን ይዛ ነው የተወለደችው። እሷ ፊት «ጠቆረችብኝ» ማለት ግን የትኛውም ክሬም የማያሽረው ቁስል ይተዋል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ይህን ስል የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብም ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። የዓለም ጤና ድርጅት የጨረሩ መለኪያ 11 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ «እጅግ ከፍተኛ» ይለዋል፤ እዚህ ቀትር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል 11ን ማለፉ የተለመደ ነው። የሚያታልለን አየሩ ነው። ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ልጁ ሹራብ ለብሷል፣ ማን ስለ ፀሐይ ያስባል? ጨረሩ ግን ከሙቀት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ስስ ደመናንም አልፎ ይመጣል።

ሰፈሩ ራሱ ተለውጧል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። ድሮ ልጆች በግቢ ዛፍና በጠባብ መንደር ጥላ ሥር ነበር የሚጫወቱት። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድና አደባባይ አለ፤ ልጆች ብስክሌት ሲነዱ ማየት ያስደስታል። የተተከሉት ዛፎች ግን ገና ጥላ አልጣሉም። ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውል ልጅ ከድሮው ይልቅ ፀሐይ ያገኘዋል።

እና ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ላለው ጤነኛ ልጅ ምን እመክራለሁ? በአዘቦት ቀን ከቅባት በፊት ባርኔጣ። ዙሪያውን ክንፍ ያለው ይሁን፤ ግንባር ላይ ብቻ የሚወጣው ኮፍያ ጆሮና ማጅራትን ያጋልጣል። ባርኔጣው ዓይኑንም ይጠብቅለታል፤ በዓይን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የቆዳ ጥቁረት አይመልሰውምና። ጨረሩ ከሚበረታበት ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ማብዛት ነው። ቅባቱን ለረጅም የፀሐይ ቀን አቆዩት፦ ላንጋኖ ወይም ሶደሬ ስትወርዱ፣ የትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ሲኖር፣ ጥር 11 ታቦት ተከትሎ የሚውል ልጅ ካለ፣ ጥር 15 ለቂርቆስ ንግሥም እንዲሁ። ጉንጩ ላይ ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ የሚወጣበት ልጅ ደግሞ በበጋ ቢቀባ ይጠቅመዋል፤ ዙሪያው በፀሐይ ሲጠቁር ነጠብጣቡ ይበልጥ ጎልቶ ይታያልና።

ለሕፃናት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ሰንስክሪን አንሰጥም፤ ከቀትር ፀሐይ በልብስና በጥላ ይጠበቃል። የጠዋት ፀሐይ ግን ያስፈልገዋል። «ምች ይመታዋል»፣ «ዓይን ያርፍበታል» ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት የሚውል ስንት ልጅ አለ! በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ። በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ለማነጻጸር ከተመረጡት ሌሎች 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። ሪኬትስ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ ነው፤ እግር ያጎብጣል፣ የጎድን አጥንትንም ስለሚያላላ ልጁ እንደ ልቡ መተንፈስ ያቅተዋል። ይህ የሆነው ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በማይታጣበት ከተማ ነው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ እናቶች፣ ልጁን በመስኮት መስታወት ውስጥ አታሙቁት፤ ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር መስታወት አያልፍም። ውጭ አውጡት፣ እጅና እግሩን ግለጡለት። እነ እማማ ቅቤ ቀብተው ደጅ ላይ ያሞቁን የነበረው ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ቅባቱ ከማንም በላይ ወደሚያስፈልገው ልጅ ልምጣ። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ቫዝሊን ስጪኝ፤ ፊቱ ተላጠብኝ» አሉኝ። ልጁ አልቢኒዝም አለበት፤ ቆዳውም ፀጉሩም ዓይኑም ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ኮፍያ አድርጓል፤ የጆሮው ጫፍ ግን ቅርፊት ይዟል፣ ማጅራቱ ደም መስሏል። ብርሃኑ ስለሚያስቸግረው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው የሚያየኝ። ክፍል ውስጥ ኋላ እንደሚቀመጥና ሰሌዳው እንደማይታየው ነገረኝ።

«እማማ፣ ቫዝሊኑ ያለሰልስለታል እንጂ ፀሐይ አይመልስለትም» አልኳቸውና የመሞከሪያ ቱቦ ከፈትኩ። በልጁ በራሱ ጠቋሚና መሃል ጣት ልክ ሁለት መስመር አወጣሁ፤ ለፊቱና ለአንገቱ ያ ነው መጠኑ። «ይህ ሁሉ?» አሉ። አዎ፣ ይህ ሁሉ። ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር የሚለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው፤ አብዛኛው ሰው የዚህን ግማሽ እንኳ አይቀባም። 50 የሚለውን ገዝተን የምናገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ጉንጮቹና አገጩ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጌ አዳረስኩት። ከዚያ ሰው የሚረሳው ቦታ፦ የጆሮ ጠርዝና ጀርባ፣ ማጅራት፣ የእጅ ጀርባ፣ ሰንደል የሚያደርግ ከሆነ የእግሩ ላይኛው ክፍል። ከቤት ከመውጣቱ 20 ደቂቃ በፊት ይቀባ፤ ውጭ ከዋለ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም፤ ካላበው ወይም ከታጠበ ወዲያው። ባለ ክንፍ ባርኔጣና ረጅም እጅጌም አይቅሩ፤ ቅባቱ ብቻውን አይበቃውም። ጆሮው ላይ አልድን ያለውን ቅርፊትም የቆዳ ሐኪም እንዲያየው ወደ አለርት ሆስፒታል እንዲወስዱት ነገርኳቸው። እንዲህ ላለ ልጅ ፀሐይ ከመላጥ አልፋ በወጣትነቱ የቆዳ ካንሰር ልታመጣበት ትችላለች።

ዋጋውን ስነግራቸው ዝም አሉ። አንድ ቱቦ የብዙ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ ይበላል፤ እንደሚገባው ከተቀባ ደግሞ ወር አይቆይም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያለ ቅባቱ ብዙም የማትጎዳው ልጅ ሁለት ሦስት ዓይነት ቱቦ ይገዛላታል፣ ሕይወቱ በእሱ ላይ የቆመው ልጅ በቫዝሊን ይሸኛል። ይህ ደግሞ የማይቻል ነገር ሆኖ አይደለም። እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ ኪሊሰን የተባለ የፀሐይ ቅባት አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ተብሎ እዚያው ይመረታል፣ በነፃም ይታደላል። እኛም አገር ቅባትና ሎሽን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉን። ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ የፀሐይ ቅባትን ለእነዚህ ልጆች እንደ መድኃኒት ቁጠሩት እንጂ እንደ መዋቢያ አትዩት።

መምህራን፣ እናንተም ብዙ ማድረግ ትችላላችሁ። ልጁን ከመስኮት አርቃችሁ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ ሰልፍ ላይ ባርኔጣውን አታስወልቁት፤ በረፍት ሰዓት ቅባቱን እንዲደግም አስታውሱት።

ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ ስትመጡ «ምን ላምጣላችሁ?» ትላላችሁ። በቤተሰባችሁ ወይም በጎረቤት አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ካለ የፀሐይ ቅባት አምጡ። ኤስፒኤፉ ለእሱ 50 ይሁን። ቱቦው ላይ በክብ ውስጥ «ዩቪኤ» የሚል ምልክት ወይም «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ቆዳ የሚጎዱትን ሁለቱንም የአልትራቫዮሌት ዓይነቶች ይከላከላል ማለት ነው። ሽታ የሌለው ይሁን። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ለሚቆጣ ቆዳ ይስማማል፤ ጠይም ልጅ ላይ አመድ ያስመስላል እንጂ እሱ ላይ አይታወቅም። የሚረጨውን ተዉት፤ ልጅ ወደ ሳንባው ይስበዋል። የአገልግሎት ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን፣ ቁጥሩም ከአንድ ቱቦ ይብለጥ። ለልጁ ቤተሰብ ስታስረክቡ አቀባቡን እዚያው በእጃችሁ አሳዩአቸው።