ጭስ የሚጠብቀው ቤት

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወልቂጤ ከደረሱ በኋላ፣ ወደ እምድብር አቅጣጫ ይታጠፉ። በጉራጌ መንደሮች መጀመሪያ ዓይንዎ የሚያርፈው ቤቱ ላይ አይደለም፤ ጀፎረው ላይ ነው። ጀፎረ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ተሰልፈዋል። ከብት ይግጥበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይዋልበታል። የጋራ በመሆኑም አጥሩን ወደፊት የሚገፋ አልነበረም። ዛሬ ዛሬ አልፎ አልፎ አለ።

ወደ ክቡ ሣር ቤት ይግቡና ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይታገሡ። ከዚያ ቀና ይበሉ። መሐል ላይ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል፤ ከእሱ የሚነሡት ደጋፊ እንጨቶች እንደተዘረጋ ጃንጥላ ዘንግ በየአቅጣጫው ወጥተው ጣሪያውን ተሸክመዋል። ማገሩ ክብ በክብ እየጠበበ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። በጥንቱ አሠራር ሚስማር አይገባበትም፤ እንጨት ከእንጨት ይታሰራል እንጂ። ልጆችዎን ይዘው ከሆነ እንጨቶቹን ያስቆጥሯቸው፤ መሐል ላይ መምታታቱ አይቀርም።

በአንድ ወገን ምድጃው፣ በሌላው የከብቶቹ ማደሪያ ነው። ከብቶቹ ቤቱን ከማሞቅ ሌላ ጥቅም አላቸው፤ ጠዋት የሚጠረገው ፍግ ከቤቱ ጀርባ ላለው እንሰት ማዳበሪያ ይሆናል። እንሰቱ በተራው ቆጮውን፣ ቡላውንና ቃጫውን ይሰጣል፤ ቅጠሉ ደግሞ ለከብቶቹ ይመለሳል።

እሳቱም ሁለት ሥራ አለው። ጭሱ ወደ ላይ እየወጣ እንጨቱንና ሣሩን ያጠቁራል፣ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያርቃል። አሁን ግን ከከተማ በሚላክ ገንዘብ አጠገቡ የቆርቆሮ ቤት ይሠራና ቤተሰቡ ወደዚያ ይዛወራል፤ ክቡ ቤት ለመስቀል ብቻ ይከፈታል። እሳት የማይነድበት ሣር ቤት ማንም ሳይነካው ይበሰብሳል። ቆርቆሮውን መንቀፍ አይገባም፤ የክዳን ሣር እንደልብ አይገኝም፣ የእሳት አደጋም ያሰጋል።

ለወላጆችዎ አዲስ ቤት ሊሠሩ ካሰቡ ከአሮጌው ጎን ያድርጉት እንጂ ወደ ጀፎረው አያውጡት። ጭስ ዓይንና ሳንባ ስለሚጎዳ የየዕለቱ ምግብ በአዲሱ ይብሰል። የቡናው እሳት ግን፣ በሩን ከፈት አድርገው፣ ክቡ ቤት ውስጥ ይንደድ።