የቀለም ቢልቃጥ ነገር

ሰው ከሥራ ሰዓቱ የተረፈችውን ጊዜ የሚያሳልፍበት አንድ ዝንባሌ አያጣም። የእኛ ዝንባሌ አሮጌ የቀለም ቢልቃጥና በእርሱ ዙሪያ የሚገኘውን የጽሕፈት ጠረጴዛ ዕቃ መሰብሰብ ነው፤ ይኸውም የቀለም መምጠጫውን፥ የወረቀት መጫኛውንና የብርዕ ማሳረፊያውን ሁሉ ነው። በ7 ዓመት ውስጥ 11 ቢልቃጥ አከማችተናል። የሚበዛውን ያገኘነው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ሲሆን፥ ሁለቱን ግን «ልዋጭ» እያለ በየሰፈሩ ከሚዞር ልጅ ጆንያ ውስጥ አስወጥተን ገዝተናል። ባልደረቦቻችን ይስቁብናል። በኮምፒዩተር በሚጻፍበት ዘመን ቀለም የሌለበት ቢልቃጥ ምን ይረባል ይላሉ። ለዚህ መልስ የለንም።

የአገራችን ጸሐፊ ቀለሙን የሚያኖረው በቀንድ ነበር። ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ፥ የቀንዱን ሹል ጫፍ ከአጠገቡ መሬት ውስጥ ይተክለዋል፤ አንዱ ቀንድ ለጥቁሩ ቀለም፥ አንዱም ቅዱሳት ስሞች ለሚጻፉበት ለቀዩ ነው። ይህ ቀንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያቆሙት ይወድቃል። ስለዚህ ጸሐፊው ከመሬት ተነሥቶ ወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ ዕቃውም መቀመጫ ማውጣት ግድ ሆነበት። እንግዲህ እኛ የምንሰበስበው ይህን መቀመጫ ነው ለማለት ይቻላል።

የጥንቱ የአውሮፓ ቢልቃጥ ብዙውን ጊዜ አንበሳና አበባ የተቀረጸበት፥ ነሐሱ ከቀለሙ የሚበልጥ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ ባውሃውስ የሚባለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዕቃ ሁሉ ጌጡ ቀርቶ ለተሠራበት ጉዳይ ይመች የሚለው አሳብ በዚያ በረታ። በትምህርት ቤቱ የብረታ ብረት ክፍል ከሠለጠኑት አንዷ ማሪያነ ብራንት፥ ከ1929 እስከ 1932 በጎታ ከተማ በሩፐልቨርክ ፋብሪካ ተቀጥራ የጠረጴዛ ዕቃዎችን ነደፈች። የእርሷን ቢልቃጥ በሥዕል እንጂ በእጃችን ይዘን አናውቅም፤ ስስ ብረት ታጥፎ ቀለም ተቀብቷል፥ ሌላ ነገር አልተጨመረበትም። የሚያሳዝነን ግን ቢልቃጥ እንዲህ ያለ መልክ ባገኘ በጥቂት ዓመት ውስጥ፥ በ1938፥ ሀንጋሪያዊው ላስሎ ቢሮ ለእስክሪብቶው የፈጠራ መብት ማግኘቱ ነው። ቤቱን አሳምሮ ሠርቶ ሳይኖርበት የሞተ ሰው ይመስላል።

ከ11ዱ ጋር ያልቆጠርነው አንድ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት በምንሠራበት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሲጸዳ፥ በኪሎ ተመዝኖ ከሚሸጠው ብረት መካከል አረንጓዴ የተቀባ፥ ሁለት ብርጭቆ ያለው የቀለም ማኖሪያ አየን። ጌጥ የሚባል የለበትም፤ ሠሪውም ስሙን አልጻፈበትም። ዐይናችን ከእርሱ አልነሣ ቢል፥ ጋሼ የምንላቸው የግምጃ ቤቱ ሹም «ውሰደው ልጄ፤ ለቁራሌው ከሚሆን ላንተ ይሁን» አሉን። አንዲት ወረቀት ሳንፈርም በቦርሳችን ከትተን ወጣን። በሩ ላይ ዘበኛው ሰላምታ ሲሰጠን ጆሯችን ጋለ።

እቤት ስንደርስ ባለቤታችን ዕቃውን ገልብጣ አየችው። ከሥሩ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል።

«ገዝተኸው ነው?» አለችን።

አዎን አልን። በስንት እንደ ገዛነው አልጠየቀችም፤ ዘወትር ግን ትጠይቅ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ጋር ደርድረነው ሰነበትን። የሌሎቹን ዋጋና የተገዙበትን ቀን ለእንግዳ ስንዘረዝር እርሱ ዘንድ ስንደርስ ዘለል እናደርጋለን። በመጨረሻው ልንመልሰው ይዘነው ሄድን። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ከመዝገብ ለተሰረዘ ዕቃ ሞዴል 19 ልቁረጥልህ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ለዕቃ እንጂ ለጸጸት የተዘጋጀ ቅጽ የለም።

ስለዚህ ዛሬ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛችን ላይ ይገኛል፤ ስፒልና አግራፍ እናኖርበታለን። አንድ ቀን አቧራውን ለማስለቀቅ በአንደኛው ብርጭቆ ውኃ ብናፈስበት፥ ከስንት ዘመን ጀምሮ ደርቆ የኖረው ቀለም ተነሥቶ ውኃው ቀላ። ለባለቤታችን እስከ ዛሬ አልነገርናትም። ይህ መጽሔት ግን በየወሩ እቤት ይገባል።