ጣራውስ የማን ነው?

እገሌ ቤት ገዛ በተባለ ጊዜ በልባችን የሚታየን የታጠረ ግቢ፥ የራሱ በር፥ የራሱ ጣራና የራሱ ጉድጓድ ነው። ዛሬ ግን በጅማ ከተማ፥ እኛ በምንኖርበት በጊንጆ፥ በጋራ መኖሪያ ሕንጻ የገባ ሰው ከቤቱ የሚደርሰው ደረጃ ወጥቶ ነው፤ የርሱ ወለል የታችኛው ጎረቤት ጣራ ነው፤ የርሱም ጣራ የላይኛው ጎረቤት ወለል ነው። በዚህ ዓይነት ቤት «የኔ» የሚባለው ወሰኑ የት ላይ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ካየነውና ከደረሰብን ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ነገሩ በሕግ ዘንድ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ. ም. የወጣው፥ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ የአንድ ቤት ፎቆች የተለያዩ ሰዎች ሀብት በሆኑ ጊዜ የሚጸናውን ሥርዓት ከቁጥር 1281 ጀምሮ ደንግጓል። ሆኖም በዚያን ዘመን ከተሜው የሚያውቀው አንድም የራሱን ግቢ፥ አንድም የአከራዩን ቤት ነበር። ትርፍ የከተማ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ ደግሞ ብዙው ሰው የቀበሌ ተከራይ ሆነ። ስለዚህ ጣራ ባፈሰሰ ጊዜ «አሳድሱልን» ብሎ ማመልከት እንጂ፥ ከጎረቤት ጋር ተማክሮ ጣራ ማደስ የለመድነው ነገር አልነበረም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ወደ ክልል ከተሞች በተስፋፋ ጊዜ፥ ሰው ባንድ ቀን ከተከራይነት ወደ ባለቤትነት ተሻገረ። ልማዱ ግን አብሮት አልተሻገረም።

በዚህ ላይ የሕንጻው ጥራት ጉድለት ተጨመረ። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት ለብዙ ሰው በቶሎና በርካሽ እንዲደርሱ ታስቦ ነው፤ ሥራውም ለብዙ ወጣቶች እንጀራ እንዲሆን ተከፋፍሎ፥ አንዱ ብሎኬቱን፥ ሌላው የብረት በርና መስኮቱን፥ ሌላው ቧንቧውን ሠራ። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሥራው በብዙ እጅ በተከፋፈለ መጠን ኀላፊነቱም ይከፋፈላል፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅና ቧንቧው ሲያንጠባጥብ አንዱ በሌላው ላይ ያላክካል። ሕጉ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሕንጻ ጽናት 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ዳሩ ግን ውሉን የተዋዋለው ቤቱን በዕጣ ያገኘው ሰው አይደለም። ብቻውን ማመልከቻ ይዞ የሄደ ሰው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ክረምት ይገባል፤ የባንኩ ዕዳ ግን ቤቱ አፈሰሰ ተብሎ ወሩን አይዘልም።

በእኛ ሕንጻ የሆነውም ይኸው ነው። ዝናብ በማይጠፋበት በጅማ ሰማይ ሥር የመጨረሻው ፎቅ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። በዚያ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዛውሩ ከረሙ። ስብሰባ ተጠርቶ መዋጮ በተጠየቀ ጊዜ ከምድር ቤት የሚኖር አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «እማማ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዝናቡ እኔን አልነካኝም፤ ለማላየው ጣራ ለምን እከፍላለሁ?» አለ። ብዙዎች በዝምታ ደገፉት። ሁለት ወር ሳይሞላ የፍሳሽ ቧንቧው ተደፍኖ፥ ከላይ የወረደው እድፍ ሁሉ በዚያ ሰው ቤት ወለል ላይ ወጣ። አሮጊቲቱም ወርደው ካዩ በኋላ፥ «ልጄ፥ የኔ ጣራና ያንተ ቧንቧ አንድ ቤት ናቸው» አሉት እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

እርሳቸው በአንድ ቃል የተናገሩትን አዋጅ ቁጥር 370/1995 በብዙ አንቀጽ ይናገረዋል። ባለቤቱ ለብቻው የሚይዘው ከግድግዳው ውስጥ ያለውን ነው፤ ጣራው፥ ደረጃውና ዋናው ቧንቧ ግን የጋራ ሀብት ስለ ሆኑ እያንዳንዱ ድርሻ አለው፤ ወጪውንም ይካፈላል። ይህንንም የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ሌሊት በፎቅ ላይ ቡና በሙቀጫ መውቀጥ ይገባ እንደ ሆነና እንዳልሆነ እንኳ የሚወስነው የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው።

እንግዲህ የጎደለን ሕግ ነውን? እኛስ አይመስለንም። በዚያው ሕንጻ የሚኖሩት ሰዎች የእድር አባላት ናቸው። በእድራቸው ሊቀ መንበር፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ፤ መዋጮው በየወሩ በመዝገብ ይገባል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳኑና ወንበሩ ተቈጥሮ ይቀመጣል። ለሞታችን ይህን ያህል የተደራጀን ሰዎች በሕይወት ለምንኖርበት ቤት መደራጀት እንዴት ያቅተናል? ብለን ስንነጋገር አንድ ጡረተኛ መምህር የእድሩን መዝገብ አሠራር እንዳለ ገልብጠው ደንብ ጻፉልን። መዋጮው ተወሰነ፤ ሒሳቡም በየወሩ በደረጃው ሥር ይለጠፍ ጀመር። ቧንቧው ተከፈተ፤ ጣራውም ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ተጠገነ። የከፈሉትም ከምድር ቤት እስከ ላይ ያሉት ሁሉ ናቸው።

ሁሉ ተፈጸመ ማለታችን አይደለም። ቤታቸውን አከራይተው በሌላ አገር የሚኖሩ ባለቤቶች መዋጮውን ለተከራይ ይተዋሉ፤ ተከራይም «ነገ ለምለቅቀው ቤት?» ይላል። የግድግዳው ስንጥቅም በእድር ደንብ የሚደፈን አይደለም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሠራተኞች የምናስበው ነገር አለ፤ ይኸውም ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ቤቱ ገዢዎች ባሉበት ቢመረመር፥ ማኅበሩም ሰው በገባ ሰሞን ቢቋቋምና ቢመዘገብ፥ በአንድ ሰው ስም የማይሰማው አቤቱታ በማኅበሩ ስም ይሰማል ማለት ነው። መምህራንም የእድርን ደንብ ለተማሪዎቻቸው እንደ አስተዳደር ትምህርት ቢያስረዱ መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ጣራ የሚታየው በበጋ ነው።