ባቲን ፍለጋ ጨፋ ሮቢት

ካራቆሬን አልፈን ወደ ጨፋ ሮቢት ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ግራና ቀኙ ማሾና ማሽላ ነው፤ ራቅ ብሎ የጨፋ ረግረግ ከነከብቱ ይታያል። ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን ባቲ ነበር፤ ግን በኪቦርድ የተሠራና ምቱ የሚያጣድፍ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ትከሻቸውን ሲነቀንቁ ልጄ ትዝ አለችኝ።

የመጣሁት በእሷ ምክንያት ነው። ከጓደኞቿ ጋር የድሮ ዘፈኖችን በጊታር እያደሱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ይጫወታሉ። "አባዬ፣ አያቴ የምትዘፍነውን ባቲ አምጣልኝ" አለችኝ። እናቴ ዛሬ የለችም። ዘፈኑን የምታውቀው የጨፋ ሮቢቷ አክስቴ ብቻ ናት፤ እሷም ሰባን አልፋለች።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ባቲም ከጨፋ ሮቢት ጋር በአንድ ዞን ነው ያለችው። የወሎን ዜማ ወደ መድረክ ካወጡት መካከል ማሪቱ ለገሰ የነበረችበት የደሴው ላሊበላ የኪነት ቡድን ይገኛል። አዳራሹን ከተባለ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ሥራ የድሮ ሸክላዎቻችንን እንደገና ለዓለም አሰማ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄኛው ቀላሉ ነው፤ ሸክላው ውስጥ ያለው ድምፅ አይለወጥም። መከራው በአዲስ ጉሮሮ መዝፈን ነው።

አቦሉ ሲቀዳ የልጆቹን ባቲ በስልኬ አሰማኋት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"አብሽር፣ ድምፅ አላት" አለች። "ተቀባዩ ግን የታል?"

ከዚያ ስለ እናቴ አወራችኝ። እናቴ አንድ ስንኝ ብላ ዝም ትል ነበር። ሴቶቹ ሲቀበሏት ፊታቸውን እያየች ቀጣዩን ታወጣለች። ያዘነ ካለ ግጥሙን ታለሳልሳለች፤ እንግዳ ካለ ስሙን ታስገባለች። የልጆቹ ከበሮ ይህን ክፍተት ሞልቶታል። እውነቷን ነው፤ ግን ያለዚያ ከበሮ የመኪናው ወጣቶች ባቲን መች ይሰሙት ነበር?

"በይ እስኪ ዝፈኚልኝ" ብዬ ስልኬን አስጠጋሁ።

"ለዚህ አልዘፍንም። ተቀበለኝ።"

ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ቀድሜያት ገባሁ፤ በሦስተኛው ዘገየሁ። ሳቋ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤት ሰምታ፣ በሩ ላይ እንደቆመች ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ተቀበለቻት። ያኔ ነው የእናቴን ዘፈን የሰማሁት። ስልኬ የቀዳው ሰባት ደቂቃ ውስጥ የስኒ ኳኳታና የእኔ ሳግ አለበት።

ማታ ለልጄ ላክሁላት። "አባዬ፣ ይሄን ብቻዬን እንዴት እዘፍነዋለሁ?" አለች።

ሮብ ራሷ ትመጣለች። አክስቴ ደግሞ "ያን ጊታሯን እንዳትረሳ" ብላለች።