ቤትን አስከትሎ ወደ ስኮትላንድ ተራሮች መጓዝ
ካራቫን አዲስ ለገዛ ቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር

ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሄድ ከሁሉ ይልቅ የሚናፍቀው አልጋውንና ማድቤቱን ነው። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን መኳንንቱ ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን በአጋሰስ አስጭነው ይጓዙ ነበር። ዛሬም በእንግሊዝ አገር ብዙ ቤተ ሰብ ካራቫን የተባለውን ባለ መንኰራኵር ቤት ከአውቶሞቢሉ ኋላ አስሮ አገር ለአገር ይዞራል። አልጋውም ምድጃውም በውስጡ ስለ ተሰናዳ መንገደኛው በደረሰበት ሥፍራ ሁሉ ቤት አለው። ነገር ግን ቤትን ማስከተል በቤት ውስጥ እንደ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለአዲስ ባለቤቶች የሚረዳውን ምክር፥ ከግላስጎ እስከ ኢንቨርነስ የሚወስደውን የስኮትላንድ መንገድ እየተከተልን ልንጽፍ ወደድን።

ለመዝናናት ሲሉ ይህን ዐይነት ጉዞ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ፥ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረውና በኋላም ደራሲ የሆነው ስኮትላንዳዊው ጎርደን ስቴብልስ ነው። እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓመት «ዋንደረር»፥ ማለት «ዘዋሪ» ብሎ የሰየመውን ቤት በብሪስቶል ከተማ አሠርቶ፥ በሁለት ፈረሶች እያሳበ ከእንግሊዝ ደቡብ እስከ ኢንቨርነስ ተጓዘ። የቤቱ ክብደት 2 ቶን ያህል ነበረ። አሽከሩም ባለ ሦስት መንኰራኵር ቢስክሌት ተቀምጦ ፊት ፊት እየሄደ መንገደኛውን ያስጠነቅቅ ነበር። በዚሁ አቈጣጠር በ1907 ዓመት የካራቫን ክለብ በእንግሊዝ አገር ተቋቋመ።

ፈረስ ሸክም ሲበዛበት ያለከልካል፤ ዳገቱ ሲጠናበትም ይቆማል። ሞተር ግን ዝም ብሎ ይጎትታል፤ የሸክሙም መብዛት የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ አደጋው ከመጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ፈረሱ ይናገረው የነበረውን ነገር ዛሬ ባለቤቱ ራሱ አስቀድሞ በሚዛን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ለጀማሪ የሚመከረው የተጫነው ካራቫን ክብደት ከሚጎትተው አውቶሞቢል ክብደት ከመቶ 85 እንዳይበልጥ ነው። አውቶሞቢሉ 1,600 ኪሎ ቢመዝን ካራቫኑ ከ1,360 ኪሎ ሊያልፍ አይገባም። ከባዱ ዕቃ በወለሉ ላይ፥ ከመንኰራኵሮቹ በላይ ይቀመጥ፤ ቀላሉ ልብስ ከፍ ባለው ሣጥን ይሁን። በመጎተቻው አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከመቶ 5 እስከ 7 ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ አውቶሞቢሉ ከሚችለው ግን አይለፍ። ጭነቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ እንደ ሆነ ቤቱ በመንገድ ላይ እንደ እባብ ይወዛወዛል። 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ መሆኑን አስቦ በርሜሉን ከሰፈሩ ደርሶ መሙላት ብልኅነት ነው።

ከመነሣት በፊት መጎተቻው መቈለፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የፊተኛውን ትንሽ መንኰራኵር ጥቂት ወደ ታች ቢያዞሩት የአውቶሞቢሉ ኋላ አብሮ ከፍ ካለ በደንብ ይዟል ማለት ነው። ቤቱ ቢለቅ ፍሬኑን የሚስበው ቀጭን የብረት ገመድም መታሰሩ አይዘንጋ። ጎማ ሳይሠራ ቆሞ እንኳ ያረጃልና ከ5 ዓመት በኋላ መለወጡ ይመከራል፤ ከ7 ዓመት ማሳለፍ ግን አይገባም። በጉዞ ጊዜ ልጆችን በካራቫኑ ውስጥ ማስቀመጥ በእንግሊዝ አገር ሕግ የተከለከለ ነው።

ከግላስጎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ የሎክ ሎመንድን ሐይቅ ይከተላል፤ ታርቤት ከተባለው መንደር በላይ በውሃውና በድንጋዩ ግድግዳ መካከል እጅግ ይጠብባል። ካራቫኑ ከአውቶሞቢሉ የሚሰፋ በመሆኑ ኋላውን አሻግሮ የሚያሳይ መስተዋት መጨመር ግዴታ ነው። ከዚያም ራኖክ ሙር በተባለው ሰፊ ረግረግ ላይ ነፋሱ የቤቱን ጎን ይገፋል። በዚህ ጊዜ ቤቱ መወዛወዝ ቢጀምር ነጂው ፍሬኑን በድንገት አይርገጥ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን ቀስ ብሎ ይቀንስ። አገሩም ለሚጎትት አውቶሞቢል በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ሁለት ወገን ሆኖ በተከፈለው ሰፊ መንገድ ላይ ደግሞ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ወስኗል።

ከግሌንኮ ሸለቆና ከሎክ ኔስ ሐይቅ ቀጥሎ ኢንቨርነስ ይደረሳል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ባሕር የሚሻገር ሰው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ መንገዶችን ያገኛል። በየመካከሉ የተሠሩት መተላለፊያዎች ለማደሪያ ወይም ለምሳ መብያ አይደሉም፤ ከኋላ የሚመጣው እንዲያልፍም በዚያ ቆሞ ማሳለፍ ጨዋነት ነው። ወደ አፕልክሮስ የሚያሻግረው ቤላህ ና ባ፥ ማለት «የከብቶች መተላለፊያ»፥ 626 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በግርጌው ካራቫን እንዳይወጣበት የሚመክር ሰሌዳ ቆሟል። በሺልዴግ በኩል የሚዞረው መንገድ ረዥምና እርሱም ጠባብ ቢሆን፥ ቤቱን ያስከተለ ሰው በዚያ ይሂድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ አቋራጭ ብሎ ዳገቱን የጀመረ በመካከል ወደ ኋላ መመለሻ ያጣል።

ወደ ሰፈር መድረስ የሚገባው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አስቀድሞ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ወለሉ ወደ ጎን እንዳያዘነብል ከመንኰራኵሩ በታች መደገፊያ ይግባ። በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች ቤቱን ለማጽናት እንጂ ለማንሣት አልተሠሩም። ቡቴን የተባለው ጋዝ ውርጭ ሲሆን መሥራት ያቆማል፤ ስለዚህ ለብርድ አገር ፕሮፔን ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ምክር በመጨረሻ አኖርነው። በተዘጋ ቤት የከሰል እሳት ሰውን በእንቅልፉ እንደሚገድል በአገራችን የታወቀ ነው። በካራቫንም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ ጠባብ ስለ ሆነ አደጋው ይፈጥናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም። ሥጋ የተጠበሰበት የከሰል ምድጃ የጠፋ ቢመስልም ወደ ካራቫኑም ሆነ ከደጁ ወደሚዘረጋው ሸራ አይግባ። በወለሉና በጣራው ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ብርድ ገባ ብሎ መድፈን ልጆችን ለሞት ማሰናዳት ነው። በትንሽ ዋጋ የሚገዛው የመርዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከአልጋው አጠገብ ይኑር። ቤተ ሰቡ ሁሉ ባንድነት ራስ ምታት ቢሰማው ምክንያቱን ሳይመራመር ፈጥኖ ወደ ውጭ ይውጣ።

አዲሱ ባለቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ይመለስ፤ በባዶ ሜዳም ወደ ኋላ መንዳትን ይለማመድ። ይህን ያደረገ ሰው ሩቁ አገር አያስፈራውም። የቤተ ሰብ አለቃ ክብሩ በዳገት ላይ ሌላውን በመቅደም ሳይሆን፥ ማታ ልጆቹን ቈጥሮ በሰላም በማሳደር ይታወቃል።