ከባንኮ ጎቲቲ እስከ አይሮፕላኑ ደጃፍ

በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ ውስጥ ባንኮ ጎቲቲ የሚባል ቀበሌ አለ። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ1900 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ደጋማ ስፍራ ነው፤ እንሰቱ ከቡናው፥ ቡናውም ከታላላቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ተጠግቶ ስለሚበቅል፥ እንግዳ ሰው ከሩቅ ሲመለከተው ሰው የማይኖርበት ዱር ይመስለዋል። ቀረብ ሲል ግን በየዛፉ መካከል ቤት፥ በየቤቱም ጓሮ እንሰት መኖሩን ያያል። የጌዴኦ ሰዎች መሬታቸውን እንዲህ አድርገው የያዙበት ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

የባንኮ ጎቲቲ ቡና ከባለቤቱ ይልቅ ብዙ አገር አይቷል። ታጥቦ፥ ደርቆ፥ ተለቅሞ፥ ጣዕሙም ተቀምሶ ደረጃ ከተሰጠው በኋላ በ60 ኪሎ ጆንያ ተሞልቶ በጅቡቲ ወደብ ይወጣል፤ በባሕር ማዶ ያሉ ቡና ቆዪዎችም የቀበሌውን ስም በከረጢታቸው ላይ አትመው ይሸጡታል። ለቡናው ወረቀት የሚያዘጋጁለት፥ በየኬላውም የሚያሳልፉት ሰዎች አሉት። ነገር ግን የቡናው ባለቤት ልጅ በውጭ አገር ሥራ ይዞ ቤት ከሠራ በኋላ ለእናቱ ቲኬት የላከ እንደ ሆነ፥ እኒያ እናት ወረቀታቸውንም ጓዛቸውንም ራሳቸው ይዘው፥ ቋንቋውን ሳያውቁ፥ በዓለም ታላላቅ የሆኑትን የአይሮፕላን ማረፊያዎች ሊያቋርጡ ነው። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች፥ በቤታችሁ እንዲህ ያለ መንገደኛ የምትሸኙ ብትሆኑ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን የሚከተለውን ጽፈናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው ፍተሻው አይደለም፤ የሰዓቱና የቀኑ አቈጣጠር ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት፥ ሌሊቱን ከምሽት እንጀምራለን፤ የአይሮፕላን ቲኬት ግን ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ሰዓት ይቈጥራል። በቲኬቱ ላይ «ማርች 10፥ 00:30» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ማርች 10 በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 1 ቀን ነው፤ 00:30 ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። እንግዲህ ነገሩን ያላስተዋለ ሰው መጋቢት 1 ቀን ማታ በቦሌ ይገኛል፤ አይሮፕላኑ ግን የካቲት 30 ቀን፥ ለመጋቢት 1 አጥቢያ፥ በሌሊት ሄዷል። በዚህ ስሕተት ቲኬት ያቃጠሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አጥቢያ የሚለው ቃላችን ይህን ነገር በትክክል ይገልጸዋልና፥ ቲኬቱን የሚያነብ ልጅ ለወላጁ ሲያስረዳ «የካቲት 30 ለመጋቢት 1 አጥቢያ» ብሎ በወረቀት ቢጽፍላቸው መልካም ነው።

መንገደኛው ከሚነሣበት ሰዓት ቢያንስ 3 ሰዓት አስቀድሞ በማረፊያው መገኘት ስላለበት፥ በዚሁ ምሳሌ የካቲት 30 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በቦሌ መሆን ይገባል። ከባንኮ ጎቲቲ ተነሥቶ በይርጋጨፌና በወናጎ በኩል ዲላ ይደረሳል፤ ከዲላ እስከ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያለው ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዝናብ ወራት የገጠሩ መንገድ ምን እንደሚያደርግ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ቢዘገይ የካቲት 29 ቀን ማለዳ መነሣት፥ አዲስ አበባም ከዘመድ ቤት አድሮ ማረፍ ይሻላል። ከሐዋሳ በአይሮፕላን መሄድም ይቻላል፤ ሆኖም በዚያም ቢሆን ፍተሻው አይቀርም።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። በቲኬቱ ላይ ያለው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። የአማርኛችን ወይም የጌዴኦ ቋንቋ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ መንገድ ስለሚጽፈው፥ ቲኬት የሚገዛው ልጅ የእናቱን ስም በልቡ እንደሚያውቀው ሳይሆን ፓስፖርቱን አስመጥቶ አይቶ ማስጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ስንቁ እንመለስ፤ የቤት እመቤቶችን ይበልጥ የሚመለከተው ይህ ነውና። እናት ወደ ልጅዋ ባዶ እጅዋን አትሄድም። ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቋንጣ ይዘጋጃል። ከእነዚህ ማርና ቅቤ በፈታሾች ዘንድ እንደ ፈሳሽ ይቈጠራሉ፤ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ ውስጥም ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ አይገባም። ይህ ሕግ የመጣው በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፥ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ፈንጂ አስመስለው አይሮፕላኖችን በሰማይ ሊያጠፉ ያሰቡ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ነው። አሁን አዲስ መሣሪያ የተከሉ አንዳንድ የአውሮፓ ማረፊያዎች ሕጉን አላልተውታል፤ ነገር ግን መንገደኛው የሚያልፍባቸው ማረፊያዎች ሁሉ አንድ ስላልሆኑ ጥብቁን ሕግ ይዞ መሄድ ይሻላል። ስለዚህ ማሩ በደንብ ታሽጎ ወደ አይሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ ደግሞ ዱቄት ነክ ነገርን፥ የተፈጨ ቡናንም ሆነ በርበሬን፥ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ በእጁ ባይዝ ይመረጣል። ቋንጣ በአሜሪካም በአውሮፓም ጉምሩክ ይወሰዳል፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት መንገደኛ ይዞ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ ቅቤውም በየትኛውም ሻንጣ ቢሆን አያልፍም። አንዲት እናት ወር ሙሉ አንጥራ ያዘጋጀችው ቅቤ በማያውቁት ሰው እጅ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሲገባ ማየት የሚያሳዝን ነው፤ አስቀድሞ ቢነገራት ግን በቤት ትተወው ነበር። የተቈላ ቡና በአብዛኛው አገር ያለ ችግር ይገባል፤ ስለ ጥሬው ቡና ግን የአገራችንንም የሚደረስበትንም አገር ጉምሩክ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከስንቁ ሁሉ የከፋው አደራ ነው። በአገራችን መንገደኛ ሲነሣ ጎረቤቱ ሁሉ «ይቺን ለልጄ አድርሱልኝ» እያለ ጥቅል ያመጣል፤ እምቢ ማለትም ነውር ይመስላል። በማረፊያው ግን ሹሙ «ይህን ሻንጣ ያዘጋጀው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በውስጡ የተገኘውም ነገር ሁሉ የያዘው ሰው ነው። በሐረርና በሌላም ስፍራ በገበያ የሚሸጠው ጫት በአሜሪካ የተከለከለ ነው፤ በእንግሊዝም ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ለጎረቤት ልጅ ተሸክመው የሄዱ ሰዎች በባዕድ አገር ፍርድ ቤት ፊት መቆም ይመጣባቸዋል። ተከፍቶ ያልታየ ጥቅል አይወሰድ፤ ጎረቤት ቢቀየም ይቀየም።

ቦሌ በደረሱ ጊዜ ሸኚው ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም። የውጭ አገር በረራ የሚነሣበት ሁለተኛው ተርሚናል በ1995 ዓ.ም. ተመርቆ፥ በጥር 2011 ዓ.ም. ደግሞ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተስፋፍቷል። እስከ በሩ ድረስ አብሮ የሄደው ቤተ ሰብ በዚያ ይሰናበታል፤ ልቅሶውም ምርቃቱም በውጭ ይፈጸማል። ስለዚህ ሊነገር የሚገባው ሁሉ ከዚያ በፊት ይነገር፤ ገንዘብና ወረቀትም ከበሩ ላይ ሳይሆን ከቤት ይሰጥ።

የመጀመሪያው ፍተሻ በመግቢያው ነው። ሻንጣዎቹ ሁሉ በተንቀሳቃሹ ቀበቶ ላይ ይቀመጣሉ፤ መንገደኛውም ቀበቶውን፥ ሰዓቱን፥ የኪስ ሳንቲሙን፥ ስልኩን አውጥቶ በሣጥን ውስጥ ያኖራል። «እማማ፥ ጫማዎን ያውልቁልኝ» ሲባል የሚደነግጡ አሉ፤ ለክብራቸው መድፈር አይደለም። ጫማ ማውለቅ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም የለመድነው ነው። ሴትን የምትዳስስ ሴት ፈታሽ ናት፤ የእግር አልቦና የአንገት መስቀል በሩን ቢያስጮኸው አውልቆ እንደ ገና ማለፍ ብቻ ነው። በልቡ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተቀበረለት ሰው ግን ወደ በሩ ሳይጠጋ ለፈታሹ ይንገር። ባለ ሥልጣንም ቢሆን ከዚህ አይድንም፤ «እኔን አታውቀኝም?» የሚል ቃል ሰልፉን ከማዘግየት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ሻንጣውን የሚያየው መሣሪያ ሬንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1895 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባገኘው ጨረር የሚሠራ ነው። በፈታሹ መስታወት ላይ ብረት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ምግብ፥ ጨርቅና ወረቀት ብርቱካንማ ይመስላል። ችግሩ ፈንጂም ብርቱካንማ መምሰሉ ነው። አንድ ኪሎ ቆጮ ወይም የታሸገ ማር ጥቅጥቅ ብሎ ሲታይ ፈታሹ ሻንጣውን ያስከፍታል። ስለዚህ ምግቡ በሻንጣው አንድ ወገን ተለይቶ፥ በቀላሉ በሚከፈት ከረጢት ቢቀመጥ፥ ልብስና ስንቅ ሳይደበላለቅ ቶሎ ይታለፋል። የስልክ ባትሪ መሙያ ደግሞ በተቃራኒው ከእጅ ሻንጣ መለየት የለበትም፤ በአይሮፕላኑ ሆድ ውስጥ እሳት ቢያስነሣ የሚያጠፋው ሰው የለምና።

ይህን ሁሉ ጭንቀት ከመጠን ያለፈ ነው የሚል ቢኖር፥ ፍተሻው ከየት እንደ መጣ ያስታውስ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጒዞ ባደረገ ጊዜ ይህን የመሰለ ምርመራ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አይሮፕላን በኀይል መውሰድ በዓለም ሲበዛ፥ አሜሪካ በ1965 ዓ.ም. መንገደኛን ሁሉ መፈተሽ ግዴታ አደረገች። በእኛም ላይ ደርሷል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን አይሮፕላን ሦስት ሰዎች ያዙትና ወደ አውስትራልያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዳቸውም አልሰሙትም፤ አይሮፕላኑም ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ፈንጂ ነው ብለው ያስፈራሩበት ነገር የመጠጥ ጠርሙስ እንደ ነበረ ኋላ ታወቀ። ስለ ቦምብ የሚነገር ቀልድ በማረፊያ ውስጥ እንደ ቀልድ የማይቈጠረው ስለዚህ ነው።

ከመግቢያው ፍተሻ በኋላ ሻንጣው ተመዝኖ ይሰጣል፤ የመሳፈሪያ ወረቀትም ይገኛል፤ ቀጥሎ የኢሚግሬሽን ሹሞች ፓስፖርቱን ያያሉ፤ ከዚያም በኋላ ሁለተኛ ፍተሻ አለ። በመሳፈሪያው ወረቀት ላይ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የበረራው ቍጥር፣ የበሩ ቍጥር፣ ወደ አይሮፕላኑ መግባት የሚጀመርበት ሰዓት። ማንበብ የማይችሉ ሰው ቢሆኑ ወረቀቱን ለማንም የደንብ ልብስ ለለበሰ ሠራተኛ ማሳየት ይበቃል። የበሩ ቍጥር በመጨረሻው ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል በየግድግዳው የተሰቀለውን ሰሌዳ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል፤ በሩ ሳይገኝም ለቡና መቀመጥ አይገባም።

ለሽማግሌና ለአሮጊት ከሁሉ የሚሻለው ቲኬቱ ሲገዛ ባለ መንኰራኵር ወንበር ማስመዝገብ ነው። ብዙ ሰዎች «እግሬ ጤነኛ ነው፥ ለምን እንደ በሽተኛ እገፋለሁ?» ይላሉ። ወንበሩ ግን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ያ ሰው ከአንዱ በር ወደ ሌላው፥ በፍተሻውም በፓስፖርቱም ሰልፍ ያሳልፋቸዋል። በፍራንክፈርት ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው የሚሄደው ባቡር ነጂ የለውም፤ በዋሺንግተን ዳለስ ማረፊያም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሁ ያለ ባቡር ከምድር በታች ይመላለሳል። ዳለስ ከተከፈተበት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንገደኞችን የሚያመላልስ፥ ክፍል የሚያህል ታላቅ መኪና አለ። ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ወዴት እንደሚወስደው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ሌላም አለ። ቦሌ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላንም በዚያ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄደው አንዳንድ ጊዜ በመንገድ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። አይሮፕላኑ ሲያርፍ ደርሰናል ብለው ጓዛቸውን ይዘው የሚነሡ እናቶች አሉና፥ ቲኬቱን የላከው ልጅ ይህን አስቀድሞ በስልክ ይንገራቸው።

እንዲሁም ልጁ በእንግሊዝኛ አንድ ወረቀት ይጻፍላቸው፤ ማን ዘንድ እንደሚሄዱ፣ የቤቱ አድራሻና የስልክ ቍጥር፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቈዩ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ። ይህ ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ከረጢት በአንገታቸው ይንጠልጠል እንጂ ወደ አይሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥ። የኢሚግሬሽኑ ሹም አይቶ ካሳለፋቸው በኋላ፥ ሻንጣቸውን ከሚዞረው ቀበቶ ላይ ያነሣሉ፤ በጉምሩኩም ፊት «ምግብ ይዘዋል?» ሲባሉ ቡናውንና በርበሬውን ሳይደብቁ ያሳያሉ። የሚቀጥለው በር ሲከፈት ልጁ በብረቱ አጥር ማዶ ቆሞ ነው።